እናቴ ስልክ አታነሣም

ለሁለት ወር ያህል ቤተሰቡ በሙሉ እናቴን ተቀይሞ ከረመ። ስንደውል ይጠራል፤ አይነሣም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ይነሣና ድምፅ ሳይሰማ ይዘጋል። አዲስ አበባ ያለችው ታላቅ እኅቴ "ለመስቀል ስላልሄድን አዝናብን ነው" አለች። ታናሽ ወንድሜ ጆሮዋ ደክሞ እንዳይሆን ሰጋ። ከሁላችንም ለእሷ የምቀርበው ደብረ ብርሃን ያለሁት እኔ ነኝና ጥር አጋማሽ ላይ "ሂድና እያት" ተባልኩ።

ከደብረ ብርሃን ወጥቶ ጣርማ በር ላይ፣ ዋሻው ሳይደረስ፣ ከደሴው መንገድ ወደ ግራ የሚገነጠለው መንገድ ወደ መንዝ ያስገባል። በጥር የዚያ አገር ጠዋት ውርጭ ነው። የጓሳው ሣር ነጭ ለብሶ ያድራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ጭላዳዎቹ ከገደሉ አፋፍ ብቅ ብቅ እያሉ መሬቱን መጫር ይጀምራሉ። የእናቴ ቤት ከመሐል ሜዳ ወዲያ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ስደርስ ደጃፏ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ለባና የሚሆን የበግ ጸጉር ትፈትል ነበር። ቅያሜ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ የለም።

"እማዬ፣ ለምንድን ነው ስልክ የማታነሺው?"

"እኔማ አነሣለሁ ልጄ። እሱ ነው እንቢ የሚለኝ።"

ከመቀነቷ ፈትታ አወጣችውና "እስቲ ደውል" አለችኝ። ሦስት እርምጃ ራቅ ብዬ ደወልኩ። ስክሪኑ በራ፤ አረንጓዴው ክብ ታየ። እናቴ አውራ ጣቷን አነሣች። ጣቷ ከብርዱና ከፈትሉ የተነሣ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፤ ስክሪኑ ቶሎ አይቀበላትምና ጠበቅ አድርጋ፣ ደጋግማ ነው የምትነካው። በዚያች ቅጽበት ከላይ ባለቀለም ካርድ ተንሸራቶ ወረደ። የስጦታ ሣጥን፣ የምትስቅ ሴት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቁልፍ። ካርዱ ክቡን ሸፈነው፤ የእናቴም ጣት ያረፈው ካርዱ ላይ ሆነ። አንድ ገጽ ሊከፈት ጀመረና ነጭ ሆኖ ቀረ። ጥሪው ከገጹ ሥር ሆኖ ጥቂት ጮኸ፤ ከዚያ ቆመ።

"አየህ?" አለችኝ።

አየሁ። ሁለት ወር የተቀየምናት እናታችን ሁለት ወር ሙሉ ስልኳን ለማንሣት ስትታገል ነበር የከረመችው።

ስልኩን የገዛሁላት እኔ ነኝ። ባለፈው ፋሲካ ከደብረ ብርሃን ሱቆች ዋጋው ዝቅ ያለውን መርጬ ወሰድኩላት። ሁለት ሲም ይይዛል፣ ባትሪው ይቆያል፣ መብራት አለው፣ የልጅ ልጆቿን ፎቶ ታይበታለች። ራሙ፣ ማለትም የሥራ ማኅደሩ፣ 1 ጊጋባይት፣ ማከማቻው 16 ጊጋባይት ነው። ሥርዓቱ አንድሮይድ 10 ሲሆን ጉግል አቅማቸው ውስን ለሆነ ስልኮች ብሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ያስተዋወቀው "ጎ" የሚባለው ቀለል ያለ ዓይነት ነው። ቀለል ያለ የተባለው ላይ አምራቹ የራሱን ጭኖበታል፤ ሁለተኛ የመተግበሪያ መደብር፣ ዜና የሚያፈስ ብሮውዘር፣ የጨዋታ አዳራሽ፣ የገጽታ መሸጫ፣ ስክሪኑ በተከፈተ ቁጥር ሥዕል የሚለዋውጥ "መጽሔት"፣ እንዲሁም ስልክሽ ቆሽሿልና ላጽዳው እያለ በየሰዓቱ የሚጮህ አጽጂ። ስገዛው እነዚህን አላየሁም። ያየሁት ዋጋውን ነበር።

የቁልፍ ስልኬን ከሲሟ ጋር ትቼላት የእሷን ይዤ ተመለስኩ።

ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ የዳታ አጠቃቀሙን ከፈትኩ። በአንድ ወር ውስጥ ወደ 700 ሜጋባይት ሄዷል። እናቴ ኢንተርኔት ከፍታ አታውቅም፤ ፎቶ ስንልክ የምትከፍትላት አብራት የምትኖረው የእኅቴ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ናት። ፎቶዎቹ የወሰዱት ከሰባቱ አንዱን እጅ ያህል ብቻ ነው። የቀረውን የወሰዱት ብሮውዘሩ፣ መደብሩና ያ መጽሔት ናቸው። ካርድ በላክሁላት ማግሥት "ልጄ፣ ካርዱ አልገባም መሰለኝ" የምትለኝ ለምን እንደ ነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ካርዱማ ገብቷል። ዳታ ተከፍቶ ጥቅል ካልተገዛ የሚቆረጠው ከዋናው ሒሳብ ነው፤ እሷ ተኝታ እያለች ስልኩ ለራሱ ማስታወቂያ ሲያወርድባት ያድራል።

ይህ የሚሆነው በስሕተት አይደለም፣ በስሌት ነው። ርካሽ ስልክ የሚሸጥበት ትርፍ ቀጭን ነው፤ አምራቹ የጎደለውን የሚሞላበት አንዱ መንገድ በስልኩ ውስጥ ቦታ ለመተግበሪያ ባለቤቶች መሸጥ ነው። ውድ ስልክ የሚገዛ ሰው ላይም ይደረጋል፤ ግን እሱ ሰፊ ማከማቻ፣ ብዙ ራም፣ በቤቱ ዋይፋይ አለውና ሸክሙ አይታወቀውም። ባለ 1 ጊጋባይቱ ስልክ ላይ የተጫነው አንድ ኪሎ፣ ባለ 8 ጊጋባይቱ ላይ ከተጫነው አንድ ኪሎ ጋር ከቶ አይተካከልም። ብዙ የሚጫንበት አቅሙ የሚያንሰው ነው። ይህ ያናድደኛል፤ ዛሬም ስጽፈው ያናድደኛል።

ከዚህ የከፋም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጉግል ራሱ ትሪያዳ የሚባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም በአንዳንድ ስልኮች ውስጥ ገና ከፋብሪካ ሳይወጡ፣ በአቅራቢዎች ሰንሰለት መካከል መግባቱን አምኗል። በ2020 ደግሞ የደኅንነት ተመራማሪዎች ይኸው ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባለ ጓደኛው ከሣጥናቸው ሲወጡ ጀምሮ የነበሩባቸው ርካሽ ስልኮች እንዳሉ ይፋ አደረጉ። ባለቤቱ ሳያውቅ በአየር ሰዓቱ የአገልግሎት ደንበኝነት ሊገዙበት ይሞክሩ ነበር። ይህ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከ50 የሚበልጡ ድርጅቶች ተባብረው ለጉግል ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ፤ ከጠየቋቸው ነገሮች ዋናው ሰው አብሮ የመጣን መተግበሪያ ለዘለቄታው ማጥፋት ይችል ዘንድ ነበር። ጥያቄው እንደ ልመና መቅረቡ ራሱ ይገርመኛል። የገዛሁትን ዕቃ ባዶ ለማድረግ ፈቃድ የምጠይቀው ለምንድን ነው?

የእናቴ ስልክ ላይ ያገኘሁት ያን ያህል ክፉ አልነበረም፤ ተራ ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ለማጥፋት ስሞክር "አጥፋ" የሚለው ቁልፍ ደብዝዞ አይነካም፤ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ወደ ሩት ሄድኩ።

ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። አንድሮይድ የቆመው ሊነክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ ነው። በሊነክስ ውስጥ ሁሉም ተጠቃሚ ቁጥር አለው፤ የሁሉ የበላይ የሆነው ቁጥሩ 0 ነው፣ ስሙም ሩት፣ ማለትም ሥር። የምንጭናቸው መተግበሪያዎች እያንዳንዳቸው ከ10000 ጀምሮ የራሳቸው ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ አንዱ የሌላውን ጓዳ እንዳያይ የሚከለክለው ይህ ነው። ጥሩ ሥርዓት ነው። የስልኩ ባለቤት ግን በዚህ መዝገብ ውስጥ 0 ሆኖ አይገባም። ከአምራቹ ጋር የመጡት መተግበሪያዎች ሌላ መተግበሪያ ሳይጠይቁ እስከ መጫን የሚደርስ ሥልጣን ሊሰጣቸው ይችላል፤ ገንዘብ የከፈለው ሰው ግን በማይጻፍበት ክፍል ውስጥ የተቀመጡትን እነሱን የማንሣት ሥልጣን የለውም። ሩት ማድረግ ማለት ያን የ0 ቁጥር ወስዶ ለባለቤቱ መስጠት ነው። በእኛ ቋንቋ ሥር ከታች ነው፤ አፈሩን ሳይቆፍሩ አይታይም። የዚህም መንገድ እንደዚያው ቁፋሮ ነው።

ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለውን ገጽ ከፍቶ የግንባታ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ መታ መታ በማድረግ ይጀመራል፤ የገንቢዎች ምርጫ የሚባለው ገጽ ይገለጣል። እዚያ ቡትሎደሩን ለመክፈት የሚፈቅደው ማብሪያ አለ። ቡትሎደር ስልኩ ሲነሣ ከሁሉ በፊት የሚነቃው ዘበኛ ነው፤ የሚያስነሣው ሥርዓት የአምራቹ ፊርማ ያለበት መሆኑን ያመሳክራል። ዘበኛውን ሲከፍቱት በስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ ሌባ የሰው ስልክ ከፍቶ ፎቶና መልእክት እንዳያይ። የእናቴን ፎቶዎችና የስም ዝርዝሯን አስቀድሜ ወደ ኮምፒውተሬ ቀዳሁ።

ቀጥሎ ማጂስክ አለ፤ ታይዋናዊው ጆን ዉ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ሩት ማድረጊያ መሣሪያ ነው። የስልኩን የማስነሻ ፋይል ወስዶ ይለውጠዋል፤ የተለወጠውን በዩኤስቢ ገመድ መልሶ መጫን ነው። ፋይሉ ግን ከስልኩ የግንባታ ቁጥር ጋር እስከ መጨረሻው ፊደል መግጠም አለበት። እኔ ፍለጋው ሰልችቶኝ የሚመሳሰለውን ጫንኩ።

የአምራቹ አርማ መጣ። ጠፋ። መጣ። ጠፋ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ስድስት ሰዓት እንዲሁ ሲበራና ሲጠፋ፣ ጋቢ ተከናንቤ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አየሁት። ጠዋት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ትንሽ ሱቅ ወዳለው ስልክ ጠጋኝ ወዳጄ ይዤው ሄድኩ። እሱ ስልኩን እንኳ አልተቀበለኝም፤ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ከመጀመርህ በፊት የግንባታ ቁጥሩን ፎቶ አንሥተሃል?" ብሎ ነው። አንሥቻለሁ። ፎቶውን ከጫንኩት ፋይል ስም ጎን አድርጎ በጥፍሩ እየተከተለ አነበበ፤ መጨረሻው ላይ ጥፍሩ ቆመ። አንድ ፊደል ይለያያል። በየሳምንቱ እንደዚህ የሆነ ስልክ የሚያመጡለት ወጣቶች እንዳሉ ነገረኝ፤ አብዛኞቹ በአንድ ጠቅታ ሩት አደርጋለሁ የሚል መተግበሪያ ከሆነ ቦታ አውርደው ነው። እንዲህ ያለውን መተግበሪያ ስልክ ላይ መጫን ቁልፍን ለማይታወቅ ሰው ሰጥቶ "ቤቴን ጠብቅልኝ" እንደ ማለት ነው። ትክክለኛውን ፋይል አገኘን፤ ስልኩ ተነሣ፤ እንደገና ለውጠን ጫንን፤ አሁንም ተነሣ።

የመጀመሪያው የሩት ፈቃድ መጠየቂያ ስክሪኑ ላይ ሲመጣና "ፍቀድ" ስል የተሰማኝን ደስታ አልደብቅም። 23 መተግበሪያዎችን አስወገድኩ። መመዘኛዬ የዳታ ዝርዝሩ ነበር፤ ብዙ የበሉትን አጠፋሁ፣ ዜሮ የሆኑትንም ማንም አይነካቸውም ብዬ አጠፋሁ። ስልኩ ቀለለ፤ ስደውልለት ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው ክብ ብቻ ታየ።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ያን ሁሉ ካስወገድኩ በኋላ ባዶው ቦታ ብዙም አልጨመረም። ነገሩን ስከታተለው ምክንያቱ ተገለጠልኝ። አብረው የመጡት መተግበሪያዎች የሚቀመጡት ለሥርዓቱ በተከለለ ክፍል ውስጥ ነው፤ ያ ክፍል ለፎቶና ለሰነድ ከሚሆነው ክፍል የተለየ ነው፤ መጠኑም ፋብሪካ ውስጥ ተወስኗል። በአንድሮይድ 10 ያ ክፍል በቀላሉ አይጻፍበትም፤ ማጂስክም ቢሆን የሚያደርገው በመተግበሪያው ፎልደር ላይ ባዶ ፎልደር መደረብ ነው፤ ሥርዓቱ ሲያይ ባዶውን ያያል። ያተረፍኩት ቦታ መተግበሪያዎቹ ከተሸጡ ወዲህ ያወረዱትን ማሻሻያና ያከማቹትን ዳታ ብቻ ነው። የ0 ቁጥር ይዤ እንኳ ያደረግሁት ዝተት ማልበስ ነበር። ከሥሩ ሁሉም ተኝተዋል።

በሁለተኛው ሳምንት ስልኩን ይዤ ወደ መንዝ ተመለስኩ። እናቴ እጄን ስማ ተቀበለችኝ፤ የእኅቴ ልጅም ከትምህርት ቤት ተመልሳ ነበር። ስልኩን ሳበራው ቡትሎደሩ የተከፈተበት ስልክ ሁሉ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ መጣ፤ የእናቴ ስልክ ላይ ያለው ለአምስት ሰከንድ የሚቆይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው። እኔ ለምጄዋለሁና አላየሁትም። እናቴ አየችው።

"ምን ይላል?" አለች።

ልጅቱ እየተንተባተበች፣ ግን በትክክል ተረጎመችላት። "ስልክሽ ተከፍቷል፣ ሊታመን አይችልም ይላል።"

እናቴ ዝም ብላ ስክሪኑን አየች። "ማን ነው የማይታመነው?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። የስልኩን ሥርዓት የለወጠው ሰው እኔ ነኝ፤ ጽሑፉ የሚናገረው ስለ እኔ ነው። ስልኩን ባበራች ቁጥር ይህን ለአምስት ሰከንድ ልታነብ ነው።

ቀጥሎ ልጅቱ የባንኩን መተግበሪያ ልትጭን ሞከረች፤ በግ ሲሸጥ ገንዘቡ የሚገባበትን የምታይላት በእሱ ነው። መተግበሪያው ሩት መኖሩን አውቆ አልከፍትም አለ። ይህን የሚያደርጉት በምክንያት ነው፤ የ0 ቁጥር ያገኘ ፕሮግራም የሌላውን የይለፍ ቃል ማየት ይችላል። ከመተግበሪያው የሚደበቅበት ብልሃት እንዳለ አውቃለሁ፤ በራሴ አሮጌ ስልክ ላይ ሞክሬዋለሁ። ነገር ግን ብልሃቱ አንድ ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ይፈርሳል፤ እኔ ደግሞ ያለሁት የግማሽ ቀን መንገድ ርቄ ነው።

ከሁሉ የባሰው የመጣው ማታ ነው። እራት ተበልቶ፣ እሳቱ ተዳፍኖ፣ እናቴ እንዝርቷን ይዛ ተቀመጠችና ከመደቡ ራስጌ የጆሮ ማዳመጫ ገመድ አወጣች። ስልኩ ላይ ሰካችው። ፈለገች፤ ገጹን ወዲህ ወዲያ አለች።

"ሬዲዮኔስ?"

ሬዲዮኑ ከ23ቱ አንዱ ነበር። በዝርዝሩ ላይ ዳታው ዜሮ ስለ ነበር ማንም አይሰማውም ብዬ ነው ያጠፋሁት። ኤፍኤም ሬዲዮ ግን ዳታ አይበላም። ሞገዱን በቀጥታ ከአየር ነው የሚቀበለው፤ የጆሮ ማዳመጫው ገመድ አንቴና ይሆንለታል፣ ካርድም ጥቅልም አይፈልግም። በዚያ ስልክ ውስጥ ለእናቴ ተብሎ የተሠራ የሚመስል ነገር ቢኖር እሱ ነበር፤ በየማታው እየፈተለች ትሰማዋለች። ኮምፒውተሬን አልያዝኩም፤ በዚያች ሌሊት መመለስ አልቻልኩም። እንዝርቷ መሬቱ ላይ ሲሽከረከር ብቻ እየሰማን አመሸን። አልተቆጣችኝም። ቢሆንም ገመዱን ጠቅልላ ወደ ራስጌው ስትመልሰው ያየሁትን አልረሳሁትም።

በማግሥቱ በጓሳ በኩል ስመለስ መስኮቱ ላይ ተደግፌ ስለዚያ ሣር አሰብኩ። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለዝናብ መከላከያ ይሆናል። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት፣ ቦታው ለዓመታት የሚዘጋው መቼ እንደ ሆነ፣ ለአጨዳ የሚከፈተው መቼ እንደ ሆነ የሚወስኑት ከሣሩ የሚጠቀሙት ሰዎች በመረጧቸው አለቆች በኩል ነበር፤ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ በዚህ ኖሯል። ከሣሩ ጋር የሚኖሩት እነሱ ናቸውና ውሳኔውም የእነሱ ነበር። እናቴ ልጅ ሳለች ሣሩ ሲከፈት አባቷን ተከትላ እንደ ሄደች ትነግረናለች። እኔ ግን ስልኳን ወስጄ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስቆፍር "የትኛው ይጠቅምሻል?" ብዬ አንዲት ጥያቄ አልጠየቅኋትም። ፋብሪካው ሳይጠይቃት ጫነ፤ እኔ ሳልጠይቃት አራገፍኩ።

ደብረ ብርሃን ስደርስ ሁሉንም ወደ ነበረበት መለስኩ። የአምራቹን ሙሉ ፈርምዌር፣ ማለትም ከፋብሪካ አብሮት የመጣውን ሥርዓት፣ ጫንኩ፤ ከዚያ ቡትሎደሩን ቆለፍኩ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ የተለወጠ ፋይል ውስጡ እያለ የቆለፈ ሰው ስልኩ ጨርሶ ላይነሣለት ይችላል። ማስጠንቀቂያው ጠፋ።

ይህን ስል ሩት ማድረግ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የራሴ አሮጌ ስልክ ዛሬም ሩት ነው፤ ገንዘብ አይነካበትም፣ ቢበላሽ የማዝነው እኔ ብቻ ነኝ። አምራቹ ማሻሻያ መላክ ያቆመበትን ስልክ ዕድሜ የሚያራዝም ሌላ ሥርዓት፣ እንደ ላይኔጅ ያለውን፣ ለመጫንም ቡትሎደሩ መከፈት አለበት። የሚያሳዝነው ለርካሽ ስልኮች እንዲህ ያለው ሥርዓት እምብዛም አለመገኘቱ ነው። የሊነክስ እምብርት የሆነው ከርነል ፈቃድ ምንጭ ኮዱ ለተጠቃሚው ክፍት እንዲሆን ያስገድዳል፤ ብዙ ርካሽ ስልክ አምራቾች ግን ኮዱን አያወጡም፤ ያለ እሱ ደግሞ እንዲህ ያለውን ሥርዓት የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች የሚይዙት የለም። የእናቴ ስልክ ግን የሚያስፈልገው ሌላ መንገድ ነበር፤ ከመጀመሪያውም በእጄ ነበር። ያኔ የናቅሁት ሥልጣኑ ትንሽ ስለሆነ ነው።

አንድሮይድ ስልኩን ለብዙ ተጠቃሚ ሊያካፍል ይችላል፤ የመጀመሪያው "ተጠቃሚ 0" ይባላል። ይህኛው 0 ከሩት ጋር አይገናኝም፤ ተራው የስልኩ ባለቤት ነው። ኤዲቢ በሚባለው መሣሪያ፣ በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ፣ "ይህን መተግበሪያ ከተጠቃሚ 0 አንሣው" ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ቡትሎደር አይከፈትም፣ ፎቶ አይጠፋም፣ ባንኩ አይቆጣም። መተግበሪያው በሥርዓቱ ክፍል ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ለእናቴ ግን የለም። ካስፈለገ በአንድ ትእዛዝ ይመለሳል። ስልኩ ወደ ፋብሪካ ይዞታው ከተመለሰም ሁሉም ይመለሳሉ፤ ጉድለቱ እሱ ነው። ጥንቃቄም ይፈልጋል፤ የስልኩን መነሻ ገጽ ወይም የጥሪውን ክፍል ያነሣ ሰው ችግር ውስጥ ይገባል።

በየካቲት መጀመሪያ የኮምፒውተሬን ባትሪ ሞልቼ ሄድኩ። በፀሐይ ደጃፉ ላይ ተቀመጥን፤ እናቴ መካከል፣ ልጅቱ በቀኝ፣ እኔ በግራ። መተግበሪያዎቹን አንድ በአንድ እየከፈትኩ ምን እንደሚሠሩ ነገርኳት። በሶ በጥብጣ ሰጥታን ነበርና በመሐል እየተጎነጨን ነው።

አጽጂው ላይ ስንደርስ ልጅቱ ጽሑፉን አነበበችላት። "ይጥፋ" አለች እናቴ። "በቤቴ ተቀምጦ ቆሽሸሻል ይለኛል!" መጽሔቱ ጠፋ። መደብሩ ጠፋ። ብሮውዘሩን ልጅቱ ለትምህርቷ እንደምትፈልገው ተናገረች፤ ሌላ ቀለል ያለ ብሮውዘር እንዳለ አሳይቻት ተስማማች። ሬዲዮኑ ላይ ስደርስ እናቴ እጄን ያዘችኝ።

ቀጥሎ ባለቀለም ኳሶች የሚፈነዱበት ጨዋታ መጣ። እኔ ብሆን ከሁሉ በፊት የማጠፋው ነው፤ ማስታወቂያ የተሞላ ነው። ጣቴ ትእዛዙ ላይ ነበር።

"እሱን ተወው።"

"ትጫወቺበታለሽ እንዴ እማዬ?"

"እኔ አይደለሁም። የጎረቤታችን እረኛ ልጅ ማታ በጎቹን ካስገባ በኋላ እሱን ሊጫወት ይመጣል። ጥቂት ይጫወታል፤ ከዚያ እንጨት ያቀርብልኛል፣ ወሬ ያወራኛል።" ወደ ልጅቱ ዞር አለች። "እሷ ስታጠና የማወራው ከእሱ ጋር ነው።"

ጨዋታው ቀረ። ሲም ካርዱ ላይ ዳታውን ዘግተን የምትከፍትበትን ቁልፍ አሳየኋት፤ ዳታው ሲዘጋ ጨዋታው ይሠራል፣ ማስታወቂያው አይመጣም። የሚበራውንና የሚጠፋውን ቁልፍ ራሷ አራት አምስት ጊዜ ነካችው፤ ተለማመደችው። ካስወገድኳቸው 23 ውስጥ በመጨረሻ እሷ ያስወገደችው 14 ነው።

ሲያልቅ ገመዱን ነቀልኩና ተነሣሁ። "እስቲ ልደውል" ብዬ ከገብሱ ክምር አጠገብ ሄጄ ቆምኩ፤ ነፋሱ ገለባውን ያንቀሳቅሰዋል፤ ፊት ለፊት እንተያያለን። ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ከመቀነቷ ፈታች። ስክሪኑን ትንሽ አየችው። የተሰነጠቀውን አውራ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ አረንጓዴው ክብ ላይ አሳርፋ ጎተተችው፣ ከዚያም ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእኔ ላይ ሳታነሣ፣ "ሀሎ፤ ማን ልበል?" አለችኝ።